ለላክሮስ ቡድን የወንዶቹ ዕቃ ለሴቶቹም ይሆናል?

የአራት ኪሎው መምህር

ጤና ይስጥልኝ። መሀል ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህር ነኝ። አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለእረፍት ሲመጣ አንድ ሻንጣ ሙሉ የላክሮስ ዱላ ይዞልን መጣ፤ ጫፉ ላይ መረብ ያለው፣ ኳሱን ቀልበው የሚወረውሩበት ማለቴ ነው። እሑድ ጠዋት ጃን ሜዳ ወስደን ሞከርነው። ከወንዶቹም ከሴቶቹም ፈላጊው በዛ፤ በተለይ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ቶሎ ለመዱት።

አሁን ቡድን እንድናቋቁም ተፈቅዶልናል፤ በጀቱ ግን ጠባብ ነው። የግዥ ክፍላችን «የወንዶቹን ዕቃ እንግዛ፣ ሴቶቹም በተራ ይጠቀሙበት» ይላል። ይህ ያስኬዳል? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

የካዛንቺሷ ግብ ጠባቂ

መምህር፣ እባክዎ የግዥ ኃላፊውን አንድ ቀን የግቡ መረብ ፊት ያቁሙልኝ። ኳሱ ድፍን ጎማ ነው፤ ክብደቱ 145 ግራም ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃ እንነጋገራለን።

አሜሪካ ስማር በሴቶች ቡድን ግብ ጠባቂ ነበርኩ። የወንዶቹና የሴቶቹ ላክሮስ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው። ወንዶቹ በሰውነት ይጋጫሉ፣ የተጋጣሚን ዱላና ጓንት በዱላ ይመታሉ፤ ስለዚህ ሄልሜት፣ ወፍራም ጓንት፣ የትከሻና የክርን መከላከያ ግዴታቸው ነው። ተከላካዮቻቸው እስከ 1.83 ሜትር የሚረዝም ዱላ ይይዛሉ። ሴቶቹ ጋ ግን በሰውነት መግፋት ጥፋት ነው። ግብ ጠባቂዋ ብቻ ከራስ እስከ ደረት ትሸፈናለች፤ ለሌሎቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቀው የዓይንና የጥርስ መከላከያ ነው። ጭንቅላታቸው ያልተሸፈነ ስለሆነም ተከላካይ በወርዋሪዋና በግቡ መካከል ዝም ብላ ብትገተር እንኳ ዳኛው ያስቆማል።

እንግዲህ ሒሳቡን ይሥሩት። ለአሥር ወንዶች ሙሉ ትጥቅ በሚወጣው ገንዘብ ሴቶቹን ተቀያሪዎቻቸውን ጨምሮ ማልበስ ይቻላል። ጠባብ በጀት ካለ በሴቶቹ ይጀመር ባይ ነኝ። ይህን የምለው ሴት ስለሆንኩ አይደለም (ትንሽ ነው እንጂ)።

ዱላዎቹንም ለዩአቸው። ኳሱን መረቡ ውስጥ አድርገው ዱላውን በዓይንዎ ትክክል በአግድም ይያዙት። የኳሱ አናት ከጎኑ ጠርዝ በታች ከሰመጠ ለሴቶች ውድድር አይፈቀድም። የሴቶቹ መረብ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ኳሱ እንዳይወድቅ እየሮጡ ዱላውን ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ልጃገረዶቹን ጥልቅ በሆነው የወንዶች መረብ ካለማመዱአቸው ይህን እጃቸው ሳይለምደው ይቀራል።

የጃን ሜዳ ጎረቤት

ልጆች፣ ይህን ሁሉ ወጪ ለምን? የገና ጨዋታ አለን አይደል! በልጅነቴ ዱላውን ከዛፍ ቆርጠን፣ እሩሩን ራሳችን ሠርተን እንጫወት ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ጌታውም አሽከሩም ቁርጭምጭሚቱን ሲመታ ችሎ ነው። ሄልሜት የሚባል ነገር አላየንም።

የካዛንቺሷ ግብ ጠባቂ

አባቴ፣ ገናን ማን ይጠላል! ግን ገና ላይ እሩሩ መሬት ለመሬት ይመታል፤ ላክሮስ ላይ ኳሱ ፊት ለፊት በአየር ነው የሚመጣው። ደግሞ ይህም እንደ ገና የጥንት ነው፤ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነጮቹ ሳይመጡ ይጫወቱት ነበር። የተጻፈ ሕግ ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1867 የሞንትሪያሉ የጥርስ ሐኪም ጆርጅ ቢርስ ነው። የጥርስ ሐኪም መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የአራት ኪሎው መምህር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ወንዶቹን እስከሚቀጥለው በጀት ምን ላድርጋቸው? ደግሞስ ለሙሉ ሜዳ የሚበቃ ሰው አላገኝም።

የካዛንቺሷ ግብ ጠባቂ

ሙሉ ሜዳ አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ላክሮስ ወደ ኦሎምፒክ የሚመለሰው ስድስት ለስድስት በሚባለው ዓይነት ነው፤ በወንዶችም በሴቶችም። የመጨረሻው የሜዳሊያ ውድድር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። የአዲሱ ዓይነት ሜዳ 70 በ36 ሜትር ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳን ሲሶ ቢይዝ ነው። አራት የስምንት ደቂቃ ክፍሎች አሉት፤ ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መወርወር አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ስምንቱ ደቂቃ ይበቃቸዋል!

ወንዶቹ ሄልሜት እስኪመጣ ግጥሚያ አይግጠሙ። መቀበልና መወርወር ይለማመዱ፣ ከግድግዳ ጋር በቀኝም በግራም እጅ። መስኮት የሌለው ግድግዳ ይምረጡላቸው። የግቡን ብረት ሰፈር ያለ በያጅ ይሠራዋል፤ ቁመቱም ወርዱም 1.83 ሜትር ነው፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም ያው። መረቡን ግን ከእግር ኳስ ግብ ቆርጠው እንዳያደርጉ፤ ኳሷ ትንሽ ስለሆነች ታልፋለች።

ጥምቀት ሳይደርስ ጀምሩ፤ ያን ሰሞን ጃን ሜዳ ለታቦታቱ ነው። የግብ ጠባቂ ልምምድ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።