ወደ አገር ቤት ተራ ስልክ በርካሽ የሚያስደውል መተግበሪያ ጠቁሙኝ

የማርቆስ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፤ የያዘችው ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ነው። ስማርት ስልክ ብልክላት ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከተዘጋ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። ከእኔ ስልክ በኢንተርኔት ወጥቶ በእርሷ ቁጥር የሚገባ፣ ኪስ የማይጎዳ ምን አለ?

ፀሐይ፦ ቴሌግራም ነጻ አይደለም እንዴ? ምን ገንዘብ ያስወጣሃል?

የማርቆስ ልጅ፦ እህቴ፣ እናቴ ኢንተርኔት የላትም።

ከዱባይ፦ እኛ ዘንድ በዋትስአፕ መጻፍ እንጂ መደወል አይቻልም፤ የምንገናኘው ቦቲም በሚባል የመደወያ መተግበሪያ ነው። ለእማዬ የጎረቤት ልጅ ጭኖላት አሁን ፊቴን እያየች ነው የምታወራኝ።

ሰብለ፦ ስሙን አልጠራም እንጂ አንዱ መተግበሪያ አንገብግቦኛል። ትንሽ ሒሳብ ሞላሁ። ለካ ከታች በደቃቅ ፊደል «ሒሳብዎ ሲያልቅ በራሱ ይሞላል» የምትል ሳጥን አለች፤ ምልክቱን እነርሱ ቀድመው አድርገውባታል። የፋሲካ ሰሞን ከዘመድ አዝማድ ጋር እንኳን አደረሳችሁ ስባባል ከካርዴ ሲቆረጥ ከረመ። አቤት ብል የሚመልስልኝ ማሽን ነው።

አዲስ ገቢ፦ እኔም ላይ ደርሷል! ገንዘቡን መለሱልሽ?

ሰብለ፦ ምን ይመልሳሉ! ባንክ ሄጄ ካርዱን አስቀየርኩ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ለዚህ ነው እኔ ከመደወያ ካርድ የማልወጣው። ከጋሼ ሱቅ ነው የምገዛው፤ አልሠራም ካልኩ ያለ ጭቅጭቅ ይቀይርልኛል። እንጀራውም በየቀኑ ትኩስ ነው።

ነገረኛው፦ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ተሟልቶ ያውቃል? ግድ የለም፣ እናትየውን በእንጀራው እንደውልላቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጋሼን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚናገረው።

ባለሙያው፦ የልጁ ጥያቄ ተረሳ። ወንድሜ፣ ወደ ተራ ስልክ ከሚያስደውሉት ውስጥ ቫይበር አውት እና ሬብቴል አሉ። ጥሪውን የሚቀበለው የአገር ቤቱ ቴሌ ስለሚያስከፍላቸው ሁልጊዜ በነጻ የሚል ካገኘህ ሽሸው። የደቂቃውን ዋጋ ብቻ አትይ፤ ገና ሲነሳ የሚቆረጥ ሒሳብ አለ ወይ? ዐሥር ሰከንድ ብታወራ ሙሉ ደቂቃ ያስቆጥራል ወይ? ያልተጠቀምክበት ሒሳብ ይቃጠላል ወይ? በ09 ለሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርና በ07 ለሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ዋጋው አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ስትደውል ዜሮዋን ጥለህ 251 አስቀድም። እናትህ ስልክ ላይ የማይታወቅ የአገር ውስጥ ቁጥር ከወጣ ጥሪው በሕገ ወጥ የሲም ሳጥን (ብዙ ሲም ካርድ ተሰክቶበት የውጭ ጥሪን የአገር ውስጥ አስመስሎ በሚያስገባ መሣሪያ) በኩል ዞሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ድምፁ ሊቆራረጥም ይችላል። መጀመሪያ በትንሹ ሞልተህ ሞክር።

የማርቆስ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቁጥሯ 09 ነው። ሰብለ፣ ያቺ «በራሱ ይሞላል» የምትለዋን ሳጥን የት ገብተው ነው የሚያጠፏት?

ሰብለ፦ ክፍያ የሚለው ውስጥ ነበረች። አሁን የት እንደደበቋት እንጃ።

ፀሐይ፦ አሁንም ቴሌግራም እላለሁ።

አዲስ ገቢ፦ የጋሼ ሱቅ እሑድ ይከፈታል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ከቅዳሴ በኋላ። እንጀራው ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም በል።