በዕረፍት ጊዜ የሚለካ የልብ ምት ለምን ይለዋወጣል?

ጥያቄ፦ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ሁለት ጣቶቼን በእጄ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ግርጌ አሳርፌ ስቆጥር የልብ ምቴ በደቂቃ 62 ይሆናል፤ ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ ሳለ ግን 78 ደረሰ። ሊያሳስበኝ ይገባል?

መልስ 1፦ የአዋቂ ሰው ምት በዕረፍት ጊዜ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ስለሆነ አያስጋዎት። ትኩሳት፣ የውኃ እጥረት፣ ጭንቀትና ካፌይን ምቱን ያፈጥኑታል፤ ዘወትር ስፖርት የሚሠራ ሰው ልብ ግን በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል።

መልስ 2፦ በእኔ አስተያየት ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የሳምንታቱን ለውጥ መመዝገብ ይበልጣል። ምቱ ወጥ ካልሆነ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ትኩሳቱ ለቆኝ ዛሬ 64 ሆኗል።