ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የዓሣ ጫጩት ብንጨምር ለውጥ ያመጣል?

የጥቁር ውኃ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፣ ስጽፈው ግን ረዘመብኝ፣ ታገሱኝ። ሰፈር ውስጥ አሥራ ምናምን ልጆች ሆነን ተሰባስበናል። አብዛኞቻችን የአስጋሪ ልጆች ነን። ባለፈው ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ጀልባ ላይ ወጣሁ። ማታ የጣለውን መረብ ንጋት ላይ ስንጎትት የወጣው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መዳፌ ላይ ተኝቶ ጭራው ከጣቴ ጫፍ አያልፍም። አባቴ ሁለቱን መልሶ ወደ ውኃው ወረወረና ትንሽ አሰበ። የቀሩትን ያዛቸው። ምን ያድርግ፣ እቤት ምሳ አለ።

እና ያሰብነው ምንድነው፣ ትንሽ ብር አዋጥተን ከሰበታ የምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩት አምጥተን ሐይቁ ውስጥ ብንለቅስ? አንድ ሰው ደግሞ «ካርፕ ልቀቁ፣ እሱ ቆሻሻ ውኃ ይችላል» አለን። ከመንገድ የሚመጣው ቦይ ሐይቁን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ውኃው ወፍራም አረንጓዴ ሆኗል፣ ይሸታልም። የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

ደንገል

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል፣ ግን ብራችሁን ያዙ። ትምህርቴ በዚሁ ነው፣ ልንገርህ።

ቆሮሶ እንዴት እንደሚራባ አይተህ ታውቃለህ? ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ሳህን የመሰለ ጉድጓድ ይሠራል። ሴቷ እዚያ እንቁላል ትጥልና መልሳ አፏ ውስጥ ትለቅማቸዋለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ከተለቀቁ በኋላ እንኳን አደጋ ሲመጣ እየሮጡ እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ አንዲት ቆሮሶ እንደ መጠኗ ብዙ መቶ እንቁላል ትይዛለች። ሐይቁ የእንቁላል ችግር የለበትም። የጎደለው ጉድጓዱን የሚቆፍርበት ንጹሕ ዳርቻና ጫጩቱ የሚደበቅበት ፊላ ነው። ፊላው ታጭዶ፣ ዳሩ ታርሶ፣ በደለል ተሸፍኖ፣ በዚያ ላይ ዳር ዳሩን መረብ እየተጎተተ፣ አንተ አንድ በርሜል ጫጩት ብትለቅ ጫጩት የሚበላውን ትልቅ ዓሣ፣ አምባዛውንና ወፉን ቀለብክ ማለት ነው።

ካርፕ የሚለውን ጭራሽ እርሳው። ጭቃ እየቆፈረ ነው የሚበላው፣ የጠራውን ውኃ ያደፈርሰዋል። ዝዋይን ተመልከት፣ ካርፕም አምባዛም የሐይቁ ዓሣዎች አልነበሩም፣ በሰው የገቡ ናቸው። ዛሬ አስጋሪው የሚያወጣው እነሱን ነው፣ ቆሮሶው ቀንሷል። አንዴ ከገባ ደግሞ ማን ያወጣዋል?

ሲያትል ነኝ

ሰላም ከሩቅ። ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ በሌክ ዋሽንግተን ላይ ባለው ተንሳፋፊ ድልድይ በቀን አራቴ አልፋለሁ፣ ስለዚህ ሐይቁን እንደ ጎረቤት ነው የማውቀው። ዛሬ ሰው ይዋኝበታል። በፈረንጅ 1950ዎቹ ግን በዙሪያው ያሉት ከተሞች ፍሳሻቸውን «አጣርተናል» እያሉ እሱ ውስጥ ይለቁ ነበር፣ ተጣራ ከተባለው ፍሳሽ ግን እንደ ማዳበሪያ የሚሆነው ፎስፈረስ አልወጣም፣ ውኃ የሚያረንጓድደው አልጌ በላዩ ላይ ፈላ። በ1958 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና ዙሪያውን ትልቅ ቱቦ ተዘረጋ፣ ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲወጣ ተደረገ። የውኃውን ጥራት ለማወቅ ነጭ ሳህን በገመድ እያወረዱ ከዓይን እስኪጠፋ ይለካሉ። በ1964 አንድ ሜትር ሳይሞላ ይጠፋ ነበር። በ1993 ከ7 ሜትር በላይ ወርዶ ታየ። ማንም ዓሣ ስለጨመረ አይደለም የጠራው፣ ቆሻሻው ስለቆመ ነው። ሳህኑን እናንተም ሞክሩት፣ የቆርቆሮ ክዳን ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ድንጋይ ማሰር ብቻ ነው።

ደንገል

@ሲያትል ነኝ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ሐይቅ መውጫ አለው። ውኃው በሁለት ሦስት ዓመት ይታደሳል፣ ፎስፈረሱም አብሮ ወደ ባሕር ይሄዳል። ሐዋሳ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ የገባው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ የኛው ቆሻሻ ቢቆም እንኳን የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። ፍሳሹን ወደ ባሕር እናዙረው የሚባልበት ባሕርም የለንም፣ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት መያዝ ነው ያለው። ድሮ ይህን ሥራ በነፃ የሚሠራው ጨለለቃ ነበር። በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፣ አሁን በደለል ሞልቶ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ሆኗል። ከተራራው የሚመጣው አፈር እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

ሲያትል ነኝ

ልክ ነህ፣ መውጫውን አላሰብኩትም። ስለ ቦዩ ግን ልጨምር። እዚህ ኮሆ የሚባለው ሳልመን ዝናብ ሲዘንብ ከተማ መሃል ያሉት ወንዞች ውስጥ ገብቶ እንቁላል ሳይጥል ይሞት ነበር። ለዓመታት ግራ ገባቸው። በ2020 ምክንያቱ ታወቀ፣ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ሆነ። የመንገዱን ውኃ በአሸዋና በኮምፖስት በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ አሳልፈው ሲለቁት ዓሣው ተረፈ። እናንተም ቦዩ ሐይቁን ከመንካቱ በፊት እንደዚህ ዓይነት ጉድጓድ ብትሠሩስ? መኪና እጥበቶቹ ሁሉ ወደዚያ አይደል የሚለቁት?

የድሮ አስጋሪ

ልጆች፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። 30 ዓመት መረብ ጥያለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሰው መሃል እየተንጎማለለ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፣ ሐይቁ ሞልቶለታል ይላል። አባ ኮዳ የሚኖረው በቢላችን ነው እንጂ በሐይቁ አይደለም። ሐይቁን ማወቅ ከፈለግህ ራሱ አጥምዶ የሚበላውን ወፍ ቁጠር።

ደንገል ያለው እውነት ነው፣ ዳሩ ነው ነገሩ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፊላ መትከል ከባድ አይደለም፣ የተተከለውን መጠበቅ ነው ሥራው። አንዴ እኛም ተክለን ነበር፣ በሁለት ሳምንት ከብት ጨረሰው። ከዚያ ሌላው ፊላውን ለጣሪያ አጨደው። መትከያችሁን መቶ እርምጃ ብቻ አድርጉት፣ ግን ጠብቁት፣ መረብም በዚያ እንዳይጎተት አስጋሪውን ሁሉ አስማሙት። እና እባካችሁ፣ አረንጓዴ ስለሆነ ብላችሁ እምቦጭ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ጣናን ያየ አይስቅም።

የጥቁር ውኃ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጫጩቱን ተውነው። ትናንት ልጆቹን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፣ ሁለቱ ተናደው ሄዱ፣ «ዓሣ የሌለው የዓሣ ማኅበር» አሉን። የቀረነው ሳህኑን ሠራን። ቦዩ ጋ አውርደን ክንድ ሳይሞላ ጠፋን፣ ራቅ ብለን በጀልባ ስንሄድ ሁለት ክንድ ተኩል ሆነ። በየሳምንቱ እየለካን ደብተር ላይ እንጽፋለን።

ያስቸገረን ቦታው ነው። ያሰብነው መቶ እርምጃ ላይ ከብት የሚያሰማሩት የአጎቴ ልጆች ናቸው። አጥር እናጥር ብል ዘመድ ልቀየም ነው፣ ዝም ብል ተክሉ ይበላል። ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ ምን ብለው ነበር ያስማሟቸው?

የድሮ አስጋሪ

አላስማማኋቸውም፣ ለዚህ ነው ያለቀው። ለከብቱ የሚወርድበት አንድ መንገድ ተውለት፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሌላውን በቁልቋል እጠሩ። ሽቦ ከሆነ ይሰረቃል። ፊላውን ሥሩ እንዳይሰበር ከነጭቃው ነው የሚነቀለው፣ አካፋ ይዛችሁ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት አባትህ ጀልባ ጋ ጠብቁኝ። አጎትህንም ይዘኸው ና።