ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሚኒባስ ካስገባሁበት ጀምሮ ይዘጋብኛል፣ አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ያው ነው

ሰማያዊ በነጭ

ሰላም ጓዶች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ውስጥ የኛን ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ ማየት አማረኝ። ሞዴሉን አንድ ልጅ በፍላሽ ሰጠኝ፣ ሁለት ፋይል ነው፣ ዲኤፍኤፉ ቅርጹ፣ ቲኤክስዲው ቀለሙ። ራምፖ የምትባለዋን ቫን አውጥቼ በሷ ቦታ አስገባሁት፣ ስሙንም እንደሷ ቀየርኩት፣ ያንን አልረሳሁም። ያው ልጅ የሰጠኝ አሮጌ የአይኤምጂ (የጌሙ ሞዴሎች የታጨቁበት ትልቅ ፋይል) ማስተካከያ ፕሮግራም አለ፣ በሱ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። ግሮቭ ስትሪት ላይ ሚኒባስ ሲያልፍ ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ግን አላርፍ አልኩ። መኪናዋ በጣም ቀላለችብኝ፣ ትንሽ ስትነካ ትገለበጣለች። ሃንድሊንግ የሚባለውን፣ የመኪኖቹ ክብደትና ፍጥነት የተጻፈበትን ፋይል ከፍቼ ክብደቷን ጨመርኩላት። ከዚያ በኋላ ጌሙ ይከፈታል፣ ሎድ ያደርጋል፣ መንገድ ላይ ትንሽ እንደቆየሁ ድብ ይላል፣ ዴስክቶፕ ላይ ይጥለኛል። አንዳንዴ በ20 ሰከንድ፣ አንዳንዴ ሦስት ደቂቃ ያቆየኛል። ቦታውም አንድ አይደለም።

አሁን የሚያሳብደውን ልንገራችሁ። ጌሙን አጠፋሁት፣ በደንብ አንኢንስቶል አድርጌ ማለቴ ነው። ከዋናው ኮፒ እንደገና ጫንኩት። ምንም አልነካሁም፣ ሚኒባስ የለም፣ ምን የለም። ግን ያው ይዘጋል! ያንኑ ኮፒ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ስንጭነው ይሠራል። የኔ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ጠበል ልውሰደው እንዴ?

ካዛንቺስ 92

ፎርማት አድርገውና ተገላገል ወንድሜ። ቫይረስ ነው። የፍላሽ ነገር ይኸው ነው።

ሰማያዊ በነጭ

@ካዛንቺስ 92 የመመረቂያ ጽሑፌ ላፕቶፑ ላይ ነው ያለው፣ ለአንድ ጌም ብዬ ፎርማት አላደርግም። ቫይረስም ፈትሻለሁ፣ የለም።

የድሮ ተጫዋች

ፎርማት የሚሉህን አትስማ። ይኼ ጌም 2005 ላይ ለፒሲ የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ሲታመምም እንደ ሽማግሌ በቀስታ ነው የሚጠየቀው። ሁለት ነገር ሞክር።

መጀመሪያ ዶክመንትስ ውስጥ ግባ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ የሚል ፎልደር አለ፣ ሴቭ ያደረግካቸው የሚቀመጡበት። እዚያ ውስጥ ስሙ በ.set የሚያልቅ አንድ ትንሽ የሴቲንግ ፋይል ታገኛለህ። እሱን ብቻ አጥፋው፣ ሴቮችህን እንዳትነካ። ጌሙን አንኢንስቶል ስታደርግ ይኼ ፋይል አብሮ አይሄድም፣ ስለዚህ እንደገና ብትጭንም አሮጌው ሴቲንግ ይጠብቅሃል። ማውስ እምቢ ሲል፣ ገና ሲከፈት ሲዘጋ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው ጥፋተኛው።

ሁለተኛው ቨርዥኑ ነው። ዋናውን የጌሙን ኢኤክስኢ ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ እይ። መጠኑ 14,383,616 ባይት ከሆነ 1.0 ነው፣ ሞድ (እንደ ሚኒባስህ ጌሙ ላይ የሚጨመር ነገር) የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ሌላ ከሆነ ብዙ ሞድ ላይቀበልህ ይችላል። ታሪኩን ለማታውቁ፣ 2005 ላይ ጌሙ ውስጥ ተደብቆ የነበረ አንድ ነውረኛ ትዕይንት በሞድ ተከፍቶ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ፣ ‹ትኩስ ቡና› ነበር ስሙ፣ ቡናችንን በከንቱ አሰደቡት። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁለተኛው ቨርዥን ያንን ነገር አውጥቶ ለሞድም በሩን አጠበበ። ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ላይ የነበረውም ቆይቶ 2014 ላይ ተቀይሯል። ስለዚህ ‹ሳን አንድሪያስ አለኝ› ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይደለም፣ የትኛው ነው ያለህ?

ሰማያዊ በነጭ

@የድሮ ተጫዋች እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። መጠኑ ልክ አንተ እንዳልከው ነው፣ 14,383,616። የሴቲንግ ፋይሉንም አጠፋሁት። ሪዞሉሽኑ ወደ ድሮው ትንሽ መጠን ተመለሰ፣ ከዚያ ተጫወትኩ፣ ደስ ብሎኝ ገና ወደ ድልድዩ ስጠጋ ድብ።

ሌላ ደግሞ፣ ይኼ ይገናኝ አይገናኝ እንጃ፣ ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ ጠፍቶብኛል። አጥፍቼ ስጭነው የሆነ ወደ አንድ ጊጋ የሚጠጋ ቦታ ሳይመለስ ቀረ። ዊንዶውስ አፕዴት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ካዛንቺስ 92

ቫይረሱ እየወለደ ነው 😂

የጉለሌዋ

ቆይ ቆይ፣ ያ አንድ ጊጋ ነገር እኮ ነው ቁልፉ። ሦስት ጥያቄ ልጠይቅህ።

ጌሙን የጫንከው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው? ያን አሮጌ ማስተካከያ ስትከፍተው ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብለህ ነበር ወይስ ዝም ብለህ ደብል ክሊክ? ሃንድሊንጉንስ በምን ከፈትከው፣ ዊንዶውሱ ላይ ባለው ኖትፓድ ወይስ በሌላ?

ከዚያ አንድ ሙከራ አድርግልኝ። ምንም ሳትነካ የጌሙ አይከን ላይ ራይት ክሊክ፣ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር። ዝም ብለህ 15 ደቂቃ ዙር። በኔ ግምት አይዘጋም።

ሰማያዊ በነጭ

@የጉለሌዋ አዎ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው፣ ኢንስቶለሩ ራሱ እዚያ ነው የሚወስደው። ማስተካከያውን ደብል ክሊክ። ሃንድሊንጉን ደግሞ ልጁ ፍላሹ ላይ አብሮ የሰጠኝ የድሮ የጽሑፍ ፕሮግራም አለ፣ የመስመር ቁጥር ስለሚያሳይ በሱ።

ሙከራሽን አሁን ላድርግ።

ሰማያዊ በነጭ

እህቴ ጠንቋይ ነሽ? 40 ደቂቃ ተጫወትኩ፣ አንዴ እንኳ አልተዘጋም! ራምፖም የድሮዋ ራምፖ ናት፣ ሚኒባስ አይደለችም። ከዚያ ዘግቼ እንደ ወትሮው በደብል ክሊክ ስከፍተው በሁለት ደቂቃ ድብ። አንድ ጌም፣ አንድ ፎልደር፣ ሁለት ጠባይ። አስረጂኝ በናትሽ።

የጉለሌዋ

ጥንቆላ የለበትም፣ እኔም ከዓመታት በፊት ሌላ ጌም ላይ ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። በሌላ አገላለጽ፣ አልቅሼበታለሁ።

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አንድ ባሕርይ አለው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተራ ፕሮግራም እንዲጽፍ አይፈቅድም። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ይኼን ስለሚያውቁ ‹ፈቃድ የለህም› ብለው ይነግሩሃል። የድሮዎቹ ግን፣ ከቪስታ በፊት የተሠሩት፣ ይኼን ሕግ አያውቁም፣ ቢከለከሉ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዊንዶውስ ያታልላቸዋል። ‹እሺ ጻፍ› ይላቸውና የፋይሉን ኮፒ ሌላ ቦታ ወስዶ እዚያ ያስጽፋቸዋል። ፕሮግራሙም አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። ያ ቦታ ቨርቹዋል ስቶር ይባላል።

አሁን ያንተን ተመልከት። አሮጌው ማስተካከያህ ትልቁን የሞዴሎች ፋይል ሲነካ ዊንዶውስ ፋይሉን እንዳለ ወደዚያ ቦታ ገለበጠው፣ እሱ ብቻውን ወደ 900 ሜጋ ነው፣ የጠፋብህ ቦታ ይኸው። ሃንድሊንጉንም እንደዚሁ። ጌሙ ራሱ የድሮ ስለሆነ ፋይል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ድብቅ ኮፒ ነው። አንተ አንኢንስቶል ስታደርግ የተጠረገው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለው ነው፣ ድብቁ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እንደገና ጫንክ፣ ጌሙ ተመልሶ አሮጌውን ጉድ አነበበ። አድሚኒስትሬተር ብለህ ስትከፍተው ግን ይኼ ማታለል ይቆማል፣ ትክክለኛውን ፋይል ያነባል። ለዚህ ነው ሁለት ጠባይ ያየኸው። የጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ያ ድብቅ ኮፒ ከመጀመሪያውም የለም።

ቦታው፦ ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ያንተ ስም ያለበት ፎልደር፣ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ቨርቹዋል ስቶር። አፕዳታ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ቪው ላይ ሂድን አይተምስ የሚለውን አብራ። የጌሙን ፎልደር እዚያ ታገኘዋለህ። ሳታጠፋው ግን ሃንድሊንጉን ክፈትና የራምፖን መስመር እዚህ ለጥፈው፣ ለምን እንደሚዘጋ ማየት እፈልጋለሁ። የማወቅ ጉጉት ነው፣ ምን ላድርግ።

ሰማያዊ በነጭ

አገኘሁት!! ሚኒባሴ እዚያ ተደብቃ ነው ያለችው። መስመሩ ረጅም ነው፣ መጀመሪያው ብቻ ይኸው፦ ራምፖ፣ ከዚያ 3 000.0 ይልና ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ሦስት ሺህ ኪሎ ነው ያደረግኳት፣ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ብዬ።

የጉለሌዋ

ሃሃ። 3 እና 000 መካከል ክፍት ቦታ ትተሃል። ለማንበብ እንዲመች ነው አይደል? ያ ፋይል ቁጥሮቹን የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። ስለዚህ ክብደቷ 3 ኪሎ ሆነ፣ ቀጥሎ ያለው 000.0 ደግሞ መኪናዋ ስትዞር የሚቆጠረው ክብደት ቦታ ገባ፣ ማለትም ዜሮ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ተገፋ፣ የማርሹ ቁጥር፣ ፍጥነቱ፣ ሁሉም የጎረቤቱን ቤት ያዘ። ጌሙ ፋይሉን ሲያነብ ዝም አለ፣ መኪናዋን መንገድ ላይ ሊያወጣት ሲል ግን ሂሳቡ አበደበት። አንዴ በ20 ሰከንድ አንዴ በሦስት ደቂቃ የሚዘጋውም ለዚህ ነው፣ ራምፖ መቼ እንደምትመጣ ጌሙ በዕጣ ነው የሚወስነው።

የድሮ ተጫዋች

እኔ ስንት ዓመት ስነካካው ቨርቹዋል ስቶር የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጌሞቼን ሁሌ ዲ ድራይቭ ላይ ስለማደርግ ይሆናል። ተባረኪ ልጄ።

የጉለሌዋ

@የድሮ ተጫዋች አንተ ሳታውቀው መድኃኒቱን ስትወስድ ኖረሃል ማለት ነው 🙂

@ሰማያዊ በነጭ አሁን እንዲህ አድርግ። ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ ያለውን የጌሙን ፎልደር ብቻ አጥፋ፣ የሌላ ፕሮግራም ፎልደር ካለ ተወው። ጌሙን ከፕሮግራም ፋይልስ አውጥተህ ዲ ላይ ወይም ሲ ላይ በራስህ ፎልደር ጫነው። ሞድ ከማስገባትህ በፊት ዳታ የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፣ ትንሽ ስለሆነ ቦታ አይፈጅም። ሚኒባሱን ደግሞ በሞድ ሎደር፣ የጌሙን ፋይል ሳይነካ ሞድ በሚጭን ፕሮግራም፣ አስገባው፣ ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ትጥላቸዋለህ፣ ያንን 900 ሜጋ ፋይል ጨርሶ አትነካውም፣ ካልወደድከው ፎልደሩን ታወጣለህ፣ በቃ። ያለህ 1.0 ስለሆነ ችግር የለውም። መብራት ሲሄድም ትልቁ ፋይል መሃል ላይ አይበላሽብህም፣ እሱንም አይቻለሁ።

ክብደቷን 3000 ጻፍ። አንድ ላይ!

ሰማያዊ በነጭ

ተሠራ። ዲ ላይ ጫንኩት፣ በሞድ ሎደር አስገባኋት፣ 3000 አንድ ላይ ጻፍኩ። አሁን ቺሊያድ ተራራ ላይ ነኝ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ እንደሚያቃስቱት እያቃሰተች ወጣች። ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፎልደሯንም ሳጠፋት ቦታዬ ተመለሰ።

ካዛንቺስ 92

ፎርማት ብታደርገውም ኖሮ እኮ ያ ድብቅ ፎልደር አብሮ ይጠፋ ነበር። ልክ ነበርኩ።

የጉለሌዋ

@ካዛንቺስ 92 😂 ከነመመረቂያ ጽሑፉ።