ማታ ሳይክል ስነዳ መኪኖች አያዩኝም፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ ወገን፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ከስራ የምወጣው ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነው እና ቤቴ የምሄደው በደሴው መንገድ በሳይክል ነው፣ ያው የጭነት መኪናው መአት ነው። ትናንት አንድ ባጃጅ ለትንሽ ሳተኝ፣ ጭራሽ "አላየሁህም እኮ" አለኝ! ያን አረንጓዴ ደማቅ ጃኬት ለብሼ ነበር እኮ።

የጠባሴው፦ ወንድሜ እሱ ቀለም ጉልበቱ ቀን ነው፣ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል፣ ማታ ተራ ልብስ ነው። አንጸባራቂ ፈልግ፣ ትራፊኮቹ ሰደርያ ላይ ያለው ብርማ ጥብጣብ፣ እሱ የመኪናውን መብራት ወደ ሾፌሩ መልሶ ይልከዋል። ቁርጭምጭሚትህ ላይም እሰረው፣ ፔዳል ስትመታ እግርህ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሾፌሩ ከሩቅ ሳይክል መሆኑ ይገባዋል።

የአይሱዙ ሾፌር፦ እውነቱን ልንገርህ አይደል፣ በርኖስ ደርቦ ያለ መብራት የሚነዳ ሰው ማታ ከአስፋልቱ አይለይም። በ60 ስነዳ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ነው የምሄደው፣ አይቼህ ፍሬን እስክረግጥ ራሱ አጠገብህ ነኝ። ከኋላ ቀይ መብራት ከፊት ነጭ አድርግ፣ ደሞ ቀዩን ጃኬትህ እንዳይሸፍነው፣ ስንቱ ነው ገዝቶ በጋቢ የሚጋርደው 😄

ጠያቂ፦ እሺ ገባኝ፣ የክረምቱ ጉምስ?

የጠባሴው፦ ጉም ካለማ ጥብጣቡም ብዙ አያድንህም፣ ብርሃኑን ጉሙ ይበታትነዋል። መብራትህን አብራ፣ ከባሰ ውረድና በዳር በዳር እየገፋህ ሂድ።