ዲፕሎማ ወይስ ልምድ፦ ሕፃናቱን ማን ያስተምር?

አወያይ (ደሴ)፦ ሰላም ቤተሰብ። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ልጆች በ5 እና በ6 ዓመታቸው ይማሩታል። ከዚያ በፊት የነበረው የቅድመ አንደኛ «ኦ ክፍል» አንድ ዓመት ብቻ ነበር። እና መምህር በብዛት ያስፈልጋል። ዲፕሎማ የሌላት አታስተምር ይባል? ወይስ ልምድ ላላት የክረምት ሥልጠና ይበቃታል?

የሁለት ልጆች አባት (ኮምቦልቻ)፦ ይሄ ምን ያጠያይቃል? እኛ ፋብሪካ ማሽን የሚነካ ሰው እንኳ ሳይሠለጥን አይነካም።

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)፦ ቀስ በል ልጄ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ጎረቤቴን ቁርአን ያስቀሩት ሸኽ ናቸው። ዲፕሎማ ማን ጠየቃቸው?

የኦ ክፍል መምህርት (ሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ እነሱም እኮ ዓመታት ተምረው ነው የተቀመጡት። አርጩሜውንም አይርሱት 😀 እኔ ዲፕሎማ አለኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ግን ጉድ ነበር። አንዱ ሱሪው ላይ ሸና። አንዷ በሩን ይዛ «እማዬ» ትላለች። ሌሎቹ እሷን አይተው ለቅሶውን ለቀቁት። ያዳነችኝ ሞግዚታችን ናት። ልጁን ማንም ሳያየው ወስዳ አጠበችው። ተመልሳ «እንቆቅልሽ!» አለች። «ምን አውቅልሽ!» አሉ። መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጡኝ» አለች። ኮምቦልቻን ሰጧት፣ እምቢ። ደሴን ሲሰጧት ታረቁ። በር ላይ የነበረችው ሳትቀር ሳቀች። ሞግዚቷ ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው።

አባት፦ ታዲያ አንቺ ለምን ተማርሽ?

መምህርት፦ አብሽር ወንድምዓለም፣ እመጣልሃለሁ። ስጠራው ዞር የማይል ልጅ ነበረን። ሞግዚቷም ሁላችንም «ፈዛዛ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን ኮሌጅ የተማርኩት ትዝ አለኝና ከጀርባው ሆኜ አጨበጨብኩ። ንቅንቅ አላለም። ለካ ጆሮው ኖሯል። እኔ የምለው እሷን አባሩ አይደለም፣ አስተምሯት ነው።

የአንዲት ልጅ እናት (ሙጋድ)፦ የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ የግል ነው የምትማረው። ማታ ማታ ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ትገለብጣለች። እርሳሱን በጡጫዋ እንደጨበጠች እንቅልፍ ይወስዳታል። መምህሯ ደግሞ ባለ ዲፕሎማ ናት። ብጠይቃት «ወላጅ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ባለቤቴ ደብተሩ ካልሞላ ከፍለን ምን ተማረች ይላል።

ጡረተኛ መምህር፦ ደመወዙንስ ማን ያንሳው? ዲፕሎማ የያዘችው ዕድል ባገኘች ቁጥር ወደ ላይኛው ክፍል ነው የምትሸሸው።

አባት፦ እሺ፣ ሞግዚቷ በክረምት ትማር። ስንት ክረምት?

መምህርት፦ ሦስትም ይሁን አራት፣ ብቻ ልጆች ባሉበት ክፍል ይሁን። ባለፈው እኔ የወሰድኩት ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ ነበር። አንድ ሕፃን አላየንም።

አባት፦ አበሉስ?

መምህርት፦ እሱማ አልቀረም።