ቦል ፓይተን ዘንዶ አልበላ አለ፤ ችግሩ ቤቱ ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ፤ ዘንዶ የምታሳድጉ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። 180 ግራም የሚመዝን ቦል ፓይተን ከመጣ 3 ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን ምንም አልቀመሰም። የመጀመሪያውን 7 ቀን እንዲላመድ ሳይነካ ተትቷል። ከዚያ በየሳምንቱ 18 ግራም ገደማ፣ ማለትም የክብደቱን 10 በመቶ የሚያህል በረዶ የሆነ የሞተ አይጥ በፍሪጅ ቀልጦ፣ በሙቅ ውሃ እስከ 38 ዲግሪ ሞቆ፣ ማታ በረጅም መቆንጠጫ ይቀርብለታል። ምላሱን እያወጣ ያሸተውና ራሱን ደብቆ ይጠቀለላል።

ቤቱ 90 በ45 በ45 ሳንቲሜትር መስታወት ነው፤ ክዳኑ ወንፊት። ሙቁ ጫፍ 32፣ ቀዝቃዛው 26 ዲግሪ ነው፤ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው። በጣም የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው፦ ውሃ ሲረጭ 65 በመቶ ይደርስና በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 40 ይወርዳል። በወንፊቱ እንደሚወጣ ይገባኛል፤ ከማሞቂያው ራቅ ያለውን ክፍል በአሉሚኒየም ፎይል ብሸፍነው ይበቃል ወይስ ወለሉን በኮኮናት ቅርፊት ላወፍረው?

መደበቂያውም አንድ ብቻ ነው፣ ያውም በሙቁ በኩል። መቀዝቀዝ ሲፈልግ የሚሸሸግበት ስላጣ ተጨንቆ ይሆን?

አሁን 176 ግራም ነው። በሕይወት ያለ አይጥ አልሰጠውም፤ ሊነክሰው ይችላል። መጀመሪያ የቱን ላስተካክል? ቤቱን ከነካካሁ በኋላስ ስንት ቀን ቆይቼ ላቅርብለት?